ሾላ በድፍን አይታከምም

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሾላ አለ። ከአስፋልቱ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ በምትወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በጭንቅ ነው የሚያዳርሰው። ጥላው ሥር ቡና ይፈላል፣ ጫማ ይጠረጋል፣ ባጃጅ ይቆማል። የዕድር ወሬ የሚወራውም እዚያው ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጠዋት ስወጣ፣ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ጀበናቸውን ሳይጥዱ ግንዱን ቆመው ያያሉ።

«ና እየው ልጄ፣ ሌሊት ገፈውት አደሩ» አሉኝ።

ቅርፊቱ ከጉልበት እስከ ደረት ድረስ ተልጧል። ወርዱ ሁለት ክንድ ይሆናል። ነጭ ወተቱ ግንዱ ላይ ወርዶ ረግቷል። ሁለት ቁራጭ ቅርፊት መሬት ላይ ቀርቷል፤ የተረፈውን ይዘው ሄደዋል። ለመድኃኒት ይሁን ለተንኮል፣ የሚያውቅ የለም። እስከ ምሳ ሰዓት ግን ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቀለም ቀቡት አለ። አንዱ በሲሚንቶ ለስኑት። አንዱ ምስጥ እንዳይገባው የተቃጠለ ዘይት። አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅማ «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል፣ ቆርጦ መገላገል ነው» አለኝ።

እኔም አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሳነብና የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ከረምኩ። ስለ አረጀ ዛፍ ሕክምና ብዙ የተጻፈው አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውም ኦክ ስለሚባለው የፈረንጅ አገር ዛፍ። ኦክ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም። (ግራቪሊያን ፈረንጆች «ሲልኪ ኦክ» ስለሚሉት ዘመድ የሚመስለው አለ፤ ዘመድ አይደለም።) የቅርፊትና የሥር አሠራሩ ግን በዋናው ነገር አንድ ስለሆነ፣ ለኦክ የተባለው ለሾላም ለዋርካም ይሠራል። የሚለያዩበት ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ልጥ ማለት ምን ማለት ነው

ቅርፊት ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። ከላይ ያለው ደረቅና ሻካራ ነገር የሞተ ቡሽ ነው። እሱ ልብስ ነው፤ ትንሽ ቢፋቅ ዛፉ አይጎዳም። ከሱ ሥር ልጡ አለ። ገጠር ያደገ ሰው ልጥን ያውቀዋል፤ እንጨት የሚታሰርበት፣ አጥር የሚማገርበት ነው። ያ ልጥ ለዛፉ የምግብ ቧንቧው ነው። ቅጠሉ በፀሐይ የሠራው ስኳር ወደ ሥሩ የሚወርደው በልጡ ውስጥ ነው።

ከልጡ ሥር ደግሞ ካምቢየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። የጥቂት ሕዋሳት ድርድር ብቻ ስለሆነ ዓይን ለይቶ አያየውም። እጅ ግን ያውቀዋል፤ ገና የተላጠ ግንድ ስትዳስሱ የሚያንሸራትታችሁ እርጥበት ከሱ ነው። ዛፍ የሚወፍረው በሱ ነው። ወደ ውጭ ልጥ ይሠራል፣ ወደ ውስጥ እንጨት። ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቶሎ አይጠወልግም። ውሃው በእንጨቱ መውጣቱን ስለሚቀጥል ቅጠሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። «ምንም አልሆነም እኮ» ይባላል። ታች ያለው ሥር ግን ስኳር ስለማይደርሰው ቀስ በቀስ ያለውን ስንቅ እየበላ ይራባል። ሥሩ ሲሞት ነው ላዩ የሚታወቀው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁስሉ ምን ያህል ቁመት አለው ሳይሆን፣ ከዙሪያው ምን ያህሉን ወስዷል የሚለው ነው። ወደ ላይ ሁለት ሜትር ተልጦ በጎን አንድ ስንዝር ቢሆን ብዙም አያሰጋም። በጎን ዙሪያውን ከዞረ አንድ ስንዝር ቁመትም ይገድለዋል። የዛፍ ባለሙያዎች በልምድ የሚሉት፣ ከዙሪያው ከሩብ በታች ከሆነ ዛፉ በአብዛኛው ይወጣዋል፤ እስከ ግማሽ ከሆነ ይጎዳል፣ የተወሰነ ቅርንጫፍም ሊደርቅበት ይችላል፤ ከግማሽ ካለፈ ነፍሱ ያሰጋል። የኛን በገመድ ለካነው። ዙሪያው አምስት ሜትር ገደማ፣ ቁስሉ አንድ ሜትር። አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። እትዬ «ተመስገን» አሉና ጀበናቸውን ጣዱ።

ሌቦቹ ሚያዝያን መምረጣቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የበልግ ዝናብ ሲገባ ካምቢየሙ ሥራ ይበዛበታል፣ ውሃ ይሞላል፣ ቅርፊት በቀላሉ ይላቀቃል። በደረቁ በጥር ቢመጡ እንዲህ እንደ ሙዝ አይላጥላቸውም ነበር።

ዛፍ አይድንም፣ ይዘጋል

አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የአገሩ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን በመጋዝ ከላይ ወደ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አየ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያገኘውን በጽሑፍ አወጣ። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሰው ቁስል ሲድን የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ዛፍ ግን አይተካም። የተጎዳው እንጨት እስከ መጨረሻው እንደተጎዳ ይቀመጣል። ዛፉ የሚያደርገው በዙሪያው ግድግዳ መሥራት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ቧንቧ ይደፍናል። ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ወደ ጎንም እንዲሁ። አራተኛውና ጠንካራው ግድግዳ ከቁስሉ በኋላ በሚሠራው አዲስ እንጨት ላይ ያለው ነው። ብስባሴ ያንን አልፎ ወደ አዲሱ እንጨት አይሻገርም፤ ሰው ካላፈረሰው።

ሰው ደግሞ ያፈርሰዋል። ድሮ ፈረንጆቹም የዛፍ ዋሻ ሲያዩ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ፍቀው በሲሚንቶ ይሞሉት ነበር። ልክ እንደ ጥርስ። ሲፍቁ የዛፉን ግድግዳ አብረው ያፈርሳሉ፣ ብስባሴውም መንገድ ያገኛል። ሲሚንቶው በበኩሉ ከዛፉ ጋር አይወዛወዝም፤ ነፋስ ሲመጣ ውስጡን ይፈገፍገዋል፣ በስንጥቁም ውሃ ይጠራቀማል። ይሄ ነገር በሠለጠኑ የዛፍ ሐኪሞች ዘንድ ከተተወ ቆይቷል።

ቀለም፣ ሬንጅ፣ የተቃጠለ ዘይትም ያው ናቸው። ብስባሴን እንደማይከላከሉ ተደጋግሞ ታይቷል። ፈንገሱ ከቀለሙ ሥር እርጥበቱን አግኝቶ ይደላዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ከዳር ያለውን ጤነኛ ካምቢየም ይገድላል። ከላይ ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ውስጡን የሚያይ የለም። አባቶቻችን «ሾላ በድፍን» ያሉት ይሄንኑ ነው። (ለነገሩ ሾላን ከፍተን ስናይ የምንጠላው ትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ውስጥ ገብታ የምታራባው ጥቃቅን ተርብ ናት። እሷ ባትኖር ሾላ ዘር የለውም።)

እበትስ? ይሄን የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። መልሴ መካከለኛ ነው። ትኩስ ቁስል ላይ ጭቃና እበት ቢለጠፍ የሚጠቅመው መድኃኒት ስላለው ሳይሆን እርጥበት ስለሚይዝ ነው። እርጥበቱን በንጹሕ ጨርቅ ማግኘት ከተቻለ ጨርቁን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ቅርፊት ከተላጠ በኋላ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው። ካምቢየሙ ግማሹ ቅርፊቱ ላይ፣ ግማሹ ግንዱ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ሳይደርቁ መልሰው ከተገናኙ ሊያያዙ ይችላሉ። በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ መመለሱ ከንቱ ድካም ነው።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሁለቱን ቁራጮች አነሳናቸው፤ ሌሊቱ ካፊያ ስለነበረ ውስጣቸው አልደረቀም። የረጋውን ወተት በንጹሕ ውሃና ጨርቅ ጠረግነው። ሾላ ከኦክ የሚለየው እዚህ ነው፤ ወተቱ ሙጫ ሆኖ በመሃል ከገባ ሁለቱን እንዳይገናኙ ያደርጋል። ከዚያ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበረ ፈለግን። ይሄ ዋናው ነው፤ ተገልብጦ ከተለጠፈ ቧንቧው አይሠራም። ትንሹ ቁራጭ እንደ ተሰበረ ምጣድ ጠርዙ ልክክ አለ። ትልቁ ግን መሃሉ ተሰንጥቆ ስለነበር በደንብ አልገጠመም። በቀጫጭን ሚስማር ጥግ ጥጉን ያዝነው፣ ሚስማሩን እስከ ጭንቅላቱ ሳናስገባ። ላዩን በረጠበ ጨርቅ ሸፈንን። እንጨቱ ባዶ የቀረበትንም አብረን። በመጨረሻ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለን በገመድ አሰርነው። ላስቲኩ ፀሐይ እንዳያበስለው ላዩ ላይ ጆንያ ጣል አደረግንበት።

ባዶውን እንጨት በላስቲክ መሸፈን ቀለም ከመቀባት በምን ይለያል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ላስቲኩ ይነሳል። የሚፈለገው እርጥበቱን ለጥቂት ሳምንት ማቆየት ነው። ጀርመን ውስጥ መኪና የላጣቸውን የመንገድ ዳር ዛፎች የሚያክሙ ተመራማሪዎች፣ ትኩስ ቁስል ወዲያው በላስቲክ ከተሸፈነ በተላጠው እንጨት ላይ ራሱ አዲስ ሕዋስ ሊበቅል እንደሚችል አይተዋል። እንጨቱ ላይ የቀሩ ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት ካልደረቁ እንደገና ይከፋፈላሉ።

በአራተኛው ሳምንት ከፈትነው። ትልቁ ቁራጭ ጠቁሯል፣ ስነካው ወደቀ፣ ሽታውም መጥፎ ነበር። ትንሹ ግን ይዟል። ባዶው ቦታ ላይ እዚህም እዚያም እንደ ዳጉሳ ፍሬ ያሉ አረንጓዴ ቡናማ እብጠቶች ወጥተዋል። ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። ያ ባጃጅ ነጂ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ምንም አላለም።

ቁስሉ ቆይቶ ከደረቀ ግን ሥራው ያነሰ ነው። የተላቀቀውን፣ የተንጠለጠለውን ቅርፊት ብቻ በተሳለ ቢላዋ እስከሚይዝበት ድረስ መቁረጥ። ቢላዋውን መጀመሪያ በአልኮል መጥረግ። ቁስሉን «ለማሳመር» አለማስፋት። ከዚያ መተው። መተው ለኛ አገር ሰው ከባድ ሕክምና ነው፤ የሆነ ነገር ካልተቀባ የታከመ አይመስለንም።

ዙሪያውን ለተላጠ ዛፍ የመጨረሻ ሙከራ አለ፤ ድልድይ ማዳቀል ይሉታል። ከዚያው ዛፍ ባለፈው ዓመት የወጡ፣ እርሳስ የሚያህሉ ወይም ትንሽ የሚወፍሩ ቅርንጫፎች ይቆረጣሉ። ሁለቱም ጫፍ እንደ ሽብልቅ ይቀረጻል። ታችኛው ከቁስሉ በታች ካለው ቅርፊት ሥር፣ ላይኛው ከቁስሉ በላይ ካለው ቅርፊት ሥር ይገባል። ዛፉ ሲወዛወዝ እንዳይበጠስ መሃሉ ትንሽ ቀስት ይደረጋል። ጫፎቹ እንዳይደርቁ በሰም ይታሸጋሉ፣ እዚህ ላይ ማሸግ ይፈቀዳል። ከያዘ ስኳሩ በነዚህ ድልድዮች ይወርዳል። ይሄ በፍራፍሬ ዛፎች የተለመደ ነው። ቅርፊቱ ለወፈረ ያረጀ ኦክ ግን ከባድ ነው፤ እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ስም መቅረጽ እንግዲህ የሐዋሳ በሽታ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ካሉት ዛፎች የልብ ሥዕል የሌለባቸው ጥቂት ናቸው። ቢላዋው ቡሹን ብቻ ከጫረ ግድ የለም። ልጡን ካለፈ ግን እያንዳንዱ ፊደል ለፈንገስ በር ነው። ደግሞ ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ ስለሆነ፣ በደረታችሁ ልክ የቀረጻችሁት ስም ከሃያ ዓመት በኋላም በደረታችሁ ልክ ነው፤ ወደ ጎን ብቻ እየሰፋ ይሄዳል። ከተለያያችሁ ማለት ነው ችግሩ።

ለማስታወቂያ የተመታ ሚስማር አዲስ ከሆነ ይነቀል። ዛፉ የዋጠውን ግን አትጎርጉሩ። የታሰረ ሽቦ ካለ ሳይውል ሳያድር ይቆረጥ፤ ግንዱ ሲወፍር ራሱን ያንቃል። ሥሩ ላይ እሳት ከነደደ ደግሞ ቅርፊቱ በቦታው ስላለ አትታለሉ። ከወር በኋላ በጣታችሁ አንኳኩት፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ሞቷል።

ቁስሉ ላይ ስናፈጥ ሥሩን ረሳነው

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ግድግዳ የሚሠራው ዛፉ ራሱ ነው፤ ግድግዳ ለመሥራት ደግሞ ስኳርና ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ግንዱ ለተጎዳ ዛፍ ዋናው ሕክምና መሬት ላይ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ሸርዉድ ጫካ «ሜጀር ኦክ» የሚባል ዛፍ አለ። ዕድሜው ከ800 እስከ 1,000 ዓመት ይገመታል። ዙሪያው ከ10 ሜትር ያልፋል፣ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ከባድ ቅርንጫፎቹ በምሰሶ ተደግፈዋል። ይሄን ዛፍ ካሠጉት ነገሮች አንዱ መጥረቢያ ሳይሆን የጎብኚ እግር ነበር። በሺህና በሺህ የሚቆጠር ሰው ሊያየው እየመጣ፣ እየዞረው፣ አፈሩን ጠቀጠቀው። የተጠቀጠቀ አፈር አየርም ውሃም አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዙሪያውን አጠሩትና ሰው ከሩቅ ማየት ጀመረ።

የዛፍ ሥር እንደ ካሮት ወደ ታች የሚወርድ ይመስለናል። አብዛኛው ቀጭን ሥር ያለው ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎንም ከጥላው አልፎ ይሄዳል። እንግሊዞች ላረጀ ዛፍ ያወጡት መመሪያ፣ ከግንዱ የውፍረቱን (የዲያሜትሩን) 15 እጥፍ፣ ወይም ከጥላው ጠርዝ 5 ሜትር አልፎ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል አትንኩ ይላል። የኛ ሾላ ውፍረቱ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። 15 እጥፉ 24 ሜትር ይመጣል። መንገዱን፣ ሱቁን፣ የሁለት ሰው ግቢ ጨምሮ! በከተማ ይሄ አይሆንም። ግን ቢያንስ እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ማልበስ ግፍ መሆኑን ያሳያል።

የቻልነውን አደረግን። ባጃጆቹ ከጥላው ወጥተው ማዶ እንዲቆሙ ተለመኑ፤ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። የወደቀውን ቅጠል መጥረግና ማቃጠል ቀረ፤ አንድ ጣት ሙሉ ያህል ውፍረት እያለው ይነጠፋል፣ ግንዱን ሳይነካ ግን፤ ግንዱ ላይ ከተከመረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። መሬቱ በጠነከረበት በድጅኖ አንድ ክንድ የሚጠጋ ጉድጓድ እየበሳን ብስባሽ ሞላንበት፣ ወፍራም ሥር ሲያጋጥም እየተውን። በደረቁ ወራት ደግሞ በሳምንት አንዴ ሃያ ጀሪካን ያህል ውሃ፣ ከግንዱ ሳይሆን ከጥላው ጠርዝ። ማዳበሪያ አልጨመርንም፤ የተጎዳ ዛፍ ቅጠል እንዲያበዛ መግፋት ስንቁን ያስጨርሰዋል።

ቅርንጫፍ መቁረጡም እንዲሁ ልክ ያስፈልገዋል። «ልጡ የራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» የሚባለው ለሽማግሌ ነው፤ ላረጀ ዛፍ ግን አይሠራም። ጫፉ ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ ማድረቅ፣ ወደ ታች ማጠር፣ ውስጡ ባዶ መሆን የእርጅና መልኩ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሰው ላይ የሚወድቀውን ደረቅ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ሌላውን ተዉ። የለመለመውን ግን ሁሉንም በአንድ ዓመት አትመልምሉት፤ ስኳር የሚሠራው እሱ ነው።

ባዶ ግንድ ብቻውን አያስፈራም፣ ቧንቧም ባዶ ሆኖ ጠንካራ ነው። የሚያስፈራው የቀረው ግድግዳ ከሳሳ ነው። ያን የሚለካ ባለሙያ ይታይ፤ በተለይ ሥሩ ላይ እንጉዳይ ካወጣ፣ ወይም ከነፋስ በኋላ መሬቱ ከተሰነጠቀ። ዋሻውን ግን አትድፈኑት። ሐዋሳ ያደገ ሰው ያንን ትልቅ መንቁር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ያውቀዋል፣ ክንፉ ሲመታ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰውን። ሴቷ የዛፍ ዋሻ ውስጥ ትገባና ከጠባብ ቀዳዳ በቀር በሩን ደፍና ትታቀፋለች፤ ባሏ በቀዳዳው ፍሬ ያቀብላታል። ፍሬው ብዙ ጊዜ ሾላ ነው። ዋሻ በድፍን የሚፈቀድላት እሷ ብቻ ናት።

አሁን ጥቅምት ነው። የቁስሉ ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። አንድ ጣት ይሆናል። አንድ ሜትር ለመዝጋት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስሉት፤ እኔ አስልቼ ለእትዬ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን በየሰኞው አውራ ጣታቸውን ከንፈሩ ላይ አድርገው ይለካሉ። ስኒ ያጠቡበትን ውሃም ግንዱ ሥር አይደፉም፤ ተነስተው እስከ ጥላው ጠርዝ ይሄዳሉ።